አዲስ የተገዛ የስፖርት መኪናን መለወጥ ወይስ እንዳለ መንዳት? ስለ ቶዮታ ጂአር 86 ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ከዚህ በታች የተሰበሰቡት ጥያቄዎች በዋሽንግተን ዲሲ፣ በቨርጂኒያና በሜሪላንድ ለሚኖሩና ቶዮታ ጂአር 86 ወይም መንትያውን ሱባሩ ቢአርዜድን አዲስ ለገዙ ወገኖቻችን የተዘጋጁ ናቸው። ሁለቱም መኪኖች በጃፓን ጉንማ ግዛት በሚገኘው የሱባሩ ፋብሪካ የሚገጣጠሙና ሞተራቸውም ሆነ ሻንሲያቸው አንድ በመሆኑ፣ ስለ አንዱ የተባለው በአብዛኛው ለሌላውም ይሠራል። መልሶቹ የሚነሱት ከአንድ አቋም ነው፤ ይኸውም መኪናውን በሚገባ ሳያውቁት መለወጥ ገንዘብን ብቻ ሳይሆን መኪናው የተወደደበትን ጠባይ ጭምር ያሳጣል የሚል ነው።

መኪናውን ከአከፋፋዩ እንደተረከብኩ መጀመሪያ መቀየር ያለብኝ ምንድን ነው?

በመጀመሪያዎቹ ወራት ምንም ነገር አይቀይሩ። የቢአርዜድ መመሪያ መጽሐፍ በመጀመሪያዎቹ 1,000 ማይሎች፣ ማለትም በ1,600 ኪሎ ሜትር ውስጥ፣ ድንገተኛ ሁኔታ ካላስገደደ በስተቀር ሞተሩ በደቂቃ ከ4,000 ዙር በላይ እንዳይሽከረከር ያሳስባል። በዚህ ጊዜ የፒስተን ቀለበቶች ከሲሊንደሩ ግድግዳ ጋር፣ የካምቢዮው ጥርሶች እርስ በርሳቸው፣ የፍሬን ሸራውም ከዲስኩ ጋር ይላመዳሉ። ይህ ሳይጠናቀቅ የሚደረግ ማንኛውም የጉልበት ማሻሻያ ገና ባልተላመደ ሞተር ላይ ሸክም መጨመር ነው።

ከዚህ የሚበልጥ ሌላም ምክንያት አለ። አዲስ መኪና የያዘ ሰው በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት የማይመቸው ነገር ሁሉ የመኪናው ጉድለት ይመስለዋል፤ ይሁንና ከእነዚህ ቅሬታዎች ብዙዎቹ እጅና እግር መኪናውን ሲለምዱት የሚጠፉ ናቸው። ፍሪሲዮኑ የሚይዝበትን ቦታ፣ ሞተሩ ከየትኛው ዙር ጀምሮ እንደሚነቃ፣ የኋላው ጎማ በእርጥብ አስፋልት ላይ መቼ መንሸራተት እንደሚጀምር ለማወቅ ጊዜ ያስፈልጋል። ስለዚህ የሚያስተውሉትን ነገር ከመንገዱና ከአየሩ ሁኔታ ጋር በማስታወሻ እየጻፉ ቢያንስ አንድ በጋና አንድ ክረምት በፋብሪካው ይዞታ ይንዱት። ከዚያ በኋላም ጸንቶ የቀረው ቅሬታ በእርግጥ ሊታሰብበት የሚገባ ነው።

በተጨማሪም የፋብሪካ ጉድለት ካለ ራሱን የሚገልጠው ብዙውን ጊዜ በዚሁ የመጀመሪያ ጊዜ ነው። መኪናው ምንም ያልተነካ ከሆነ ደግሞ ከአከፋፋዩ ጋር የሚደረገው ንግግር አጭርና ቀላል ይሆናል።

ወዳጆቼ ሁሉ «ይህ መኪና ጉልበት ያንሰዋል» ይሉኛል። እውነት ነው?

ይህ አስተያየት በአብዛኛው የመጣው ከቀድሞው ትውልድ ነው። በ2012 ለገበያ የቀረበውና በአሜሪካ በመጀመሪያ ሳይን ኤፍአር-ኤስ ተብሎ የተሸጠው መኪና ባለ 2.0 ሊትር ሞተር ሲሆን፣ 200 የፈረስ ጉልበትና 205 ኒውተን ሜትር ያህል የማዞር ኃይል ነበረው። የዚያ ሞተር የታወቀ ድክመት ከጠቅላላው ጉልበት ማነስ ይልቅ፣ በደቂቃ 4,000 ዙር አካባቢ፣ ማለትም በዕለት ተዕለት መንዳት ብዙ በሚያስፈልገው ቦታ ላይ፣ የማዞር ኃይሉ መውረዱ ነበር። ባለቤቶቹም ይህን ክፍተት ለመሙላት ከሞተሩ የሚወጣውን የጭስ ማውጫ ክፍል ይለውጡና የሞተሩን ኮምፒውተር እንደገና ያስተካክሉ ነበር። ለዚያ መኪና ምክሩ ትርጉም ነበረው።

በ2021 የታየው አዲሱ ትውልድ ግን 2.4 ሊትር፣ 228 የፈረስ ጉልበትና 250 ኒውተን ሜትር ያህል የማዞር ኃይል ያለው ሞተር ይዟል። ዋናው ለውጥ ከፍተኛው የማዞር ኃይል የሚገኘው በ3,700 ዙር መሆኑ ነው፤ በቀድሞው ሞተር ግን ይህ የሚገኘው ከ6,000 ዙር በላይ ብቻ ነበር። እንግዲህ መሐንዲሶቹ ያንን የታወቀ ጉድጓድ ራሳቸው ሞልተውታል ማለት ነው። ዛሬም ድረስ በቪዲዮዎችና በወዳጆች ጨዋታ የሚደጋገመው «መጀመሪያ ጭስ ማውጫውን ለውጥ፣ ከዚያ ኮምፒውተሩን አስተካክል» የሚለው ምክር አሁን ለሌለ ችግር የተሰጠ መድኃኒት ነው። አንድን ለውጥ ከመግዛትዎ በፊት ምክሩ ለየትኛው ትውልድ መኪና እንደተሰጠ ይጠይቁ።

ከዚህ ሁሉ በኋላም 228 የፈረስ ጉልበት ለእርስዎ የሚያንስ ሆኖ ከተገኘ፣ የተሻለው መልስ ይህን መኪና መለወጥ ሳይሆን ሌላ መኪና መምረጥ ሊሆን ይችላል። የዚህ መኪና ብልጫ ክብደቱ 2,800 ፓውንድ ወይም 1,275 ኪሎ ግራም አካባቢ መሆኑ፣ ሞተሩ ዝቅ ብሎ መቀመጡ፣ ክብደቱ 53 በመቶ ከፊት 47 በመቶ ከኋላ መከፋፈሉና የኋላ ጎማዎቹ መንዳታቸው ነው። ይህን ሚዛን የሚያህል ነገር በዚህ ዋጋ አዲስ መግዛት በዛሬው ገበያ እጅግ ከባድ ስለሆነ፣ ሚዛኑን የሚነካ እጅ ሁሉ ደጋግሞ ማሰብ አለበት።

ታዲያ በእርግጥ ለውጥ የሚያሻው ነገር ካለ የቱ ነው?

ጎማ ነው። መኪናውን ከመንገዱ ጋር የሚያገናኘው ከመዳፍ እምብዛም የማይበልጡ አራት የጎማ ንክኪዎች በመሆናቸው፣ በመሪ፣ በፍሬንና በኩርባ ላይ የሚሰማው ልዩነት ሁሉ የሚያልፈው በእነርሱ ነው። አዲሱ ትውልድ ሲወጣ መነሻው ሞዴል በ17 ኢንች ቸርኬ ላይ ሚሽሊን ፕራይማሲ ጎማ፣ ፕሪሚየም የተባለው ደግሞ በ18 ኢንች ቸርኬ ላይ ሚሽሊን ፓይለት ስፖርት 4 ጎማ ይዞ መጥቷል። የመጀመሪያው ለምቾትና ለረጅም አገልግሎት የተሠራ ሲሆን ሁለተኛው ለመያዝ ብቃት የተሠራ ነው። ብዙዎች በሁለቱ ሞዴሎች መካከል የሚያስተውሉት የአነዳድ ልዩነት ከሌላ ከምንም ይልቅ ከዚህ የመነጨ ነው።

መነሻውን ሞዴል የገዛ ሰው ፋብሪካው የሰጠውን ጎማ ነድቶ ሲጨርስ በዚያው በ17 ኢንች ቸርኬ ላይ የተሻለ የበጋ ጎማ ቢያስገጥም፣ ቸርኬ ሳይቀይርና ዋስትናውን ሳይነካ ትልቁን መሻሻል ያገኛል። እዚህ ላይ ግን መታረም ያለበት አንድ ስህተት አለ፤ ሰፋ ያለ ጎማ ሁልጊዜ የተሻለ ጎማ አይደለም። ከ215 ሚሊ ሜትር ወደ 245 የሚደረግ ዝላይ ክብደት ይጨምራል፣ መሪውን ያደነዝዛል፣ የነዳጅ ፍጆታውንም ከፍ ያደርጋል። መኪናው በዝቅተኛ ፍጥነት ሳይቀር የሚያጫውት እንዲሆን የተደረገው ሆን ተብሎ በጠባብ ጎማ ነው።

የበጋ ጎማ ከ7 ዲግሪ ሴልሺየስ በታች ይደርቃል፤ በበረዶ ላይ ደግሞ ፈጽሞ አይሠራም። በዲሲ አካባቢ ይህን መኪና ዓመቱን ሙሉ የሚነዳ ሰው የክረምት ጎማ በተለየ ቸርኬ ላይ አስገጥሞ ሊያስቀምጥ ይገባል። ለዚህ መኪና ከሚወጣው ገንዘብ ሁሉ ሕይወት የሚያተርፈው ይህ ነው ብዬ አምናለሁ።

ፍሬኑስ?

ለከተማና ለአውራ ጎዳና የፋብሪካው ፍሬን ከበቂ በላይ ነው። ቀይ ቀለም የተቀባ ትልቅ የፍሬን ካሊፐር ማስገጠም መኪናውን ለማሳመር ካልሆነ በስተቀር በተለመደው መንዳት ቶሎ እንዲቆም አያደርገውም፤ የማቆሚያ ርቀትን በዋናነት የሚወስነው የጎማው የመያዝ ችሎታ ነውና።

በውድድር ሜዳ ላይ መንዳት ለሚያስብ ሰው ግን ጉዳዩ ይለያል። በተደጋጋሚ ከከፍተኛ ፍጥነት ሲቆም የፍሬን ዘይቱ ይሞቃል፤ ዘይቱ ከፈላም ፔዳሉ እስከ ወለሉ ይወርዳል። በደረጃው መሠረት እርጥበት ያልነካው ዶት 3 የተባለ የፍሬን ዘይት ቢያንስ እስከ 205 ዲግሪ ሴልሺየስ፣ ዶት 4 ደግሞ እስከ 230 ዲግሪ ሳይፈላ መቆየት አለበት፤ ለሜዳ ተብለው የሚሠሩት ከዚህም ብዙ ከፍ ይላሉ። የፍሬን ዘይት ከአየር ውስጥ እርጥበት እየሳበ የመፍያ ነጥቡ እየወረደ ስለሚሄድ በየጊዜው መታደስ አለበት። ስለዚህ ወደ ሜዳ ከመሄድ በፊት ትኩስ፣ ሙቀት የሚችል የፍሬን ዘይትና ሙቀት የሚቋቋም የፍሬን ሸራ ማስገባት በዚህ ጽሑፍ ውስጥ ያለማመንታት ከምመክራቸው ጥቂት ለውጦች አንዱ ነው። ወጪውም ከአንድ ጎማ ዋጋ ብዙ አይርቅም።

መኪናው ትንሽ ዝቅ ቢል ያምራል። ሞላውን ባሳጥር ምን ይጎዳል?

መልክ ተገቢ ምክንያት ነው፤ መኪናውን የሚያየውም የሚከፍለውም ባለቤቱ ነው። ነገር ግን ዋጋውን አውቆ መግባት ያስፈልጋል። ሞላው ሲያጥር አሞርዛተሩ ለመተጣጠፍ የሚኖረው ቦታ ይቀንሳል፤ የፋብሪካው አሞርዛተር ደግሞ የተመጠነው ለፋብሪካው ሞላ ስለሆነ፣ ጠንካራ ሞላ ብቻውን ሲገጠምለት መኪናው በጎርባጣ መንገድ ላይ ይነጥራል፣ አሞርዛተሩም ቶሎ ያልቃል። የጎማዎቹ ዝንባሌም ስለሚለወጥ አላይመንት ካልተሠራ ጎማው በውስጥ ጠርዙ ተበልቶ ያልቃል። በየክረምቱ ማግስት መንገዱ በሚቦረቦርበት በዚህ አካባቢ ደግሞ ዝቅ ያለ ፓራውልት የሚያጋጥመውን ማሰብ ነው።

ብዙ የማይነሳ አንድ ነጥብ አለ። ከ2024 ሞዴል ጀምሮ በእጅ ማርሽ የሚሠራውም ጂአር 86 ከፊት መስታወቱ ጀርባ ባሉ ሁለት ካሜራዎች እየተመለከተ ራሱ ፍሬን የሚይዝ የደህንነት ሥርዓት አለው፤ በራሱ ማርሽ የሚቀይረው ቀድሞውንም ነበረው። ካሜራዎቹ የተስተካከሉት በፋብሪካው ከፍታ በመሆኑ፣ ከፍታውን መቀየር የሥርዓቱን አሠራር ሊያዛባ ይችላል። ለሁለት ሳንቲ ሜትር ተኩል ያህል ዝቅታ ሲባል ይህን መንካት ተገቢ ነው ወይ የሚለውን እያንዳንዱ በራሱ ይመዝን፤ እኔ አልነካውም።

አነዳዱን ለማሻሻል የፈለገ ሰው ከሁሉ በፊት በፋብሪካው ሞላ ላይ ጥሩ አላይመንት ያሠራ። በአንድ ሰዓት ሥራ ብቻ የመሪው ስሜት በሚገባ ሊለወጥ ይችላል።

የቸርኬ ለውጥ?

ቀላል ቸርኬ ይጠቅማል፣ ትልቅና ከባድ ቸርኬ ይጎዳል። የዚህ መኪና ቸርኬ አምስት ቡሎን በ100 ሚሊ ሜትር ክብ ላይ ያለው ሲሆን የመሐል ቀዳዳው 56.1 ሚሊ ሜትር ነው፤ ከሌላ የቶዮታ መኪና የተገኘ ቸርኬ ሁሉ ይገጥማል ማለት አይደለም። የታዋቂ ቸርኬዎች አስመስሎ መሥራት የተስፋፋ በመሆኑ፣ ምንጩ ያልታወቀ ርካሽ ቸርኬ በጉድጓድ ላይ ሊሰነጠቅ እንደሚችል ማወቅ ያስፈልጋል።

የማርሚታው ድምፅ ዝቅ ያለብኝ ስለሆነ ብቀይረውስ?

ከካታሊቲክ ኮንቨርተሩ፣ ማለትም የጭሱን መርዛማ ጋዝ ከሚቀንሰው ክፍል፣ በኋላ ያለውን ብቻ መቀየር በፌዴራል የአየር ብክለት ሕግ ረገድ ብዙውን ጊዜ ችግር የለውም፤ ሊጠበቅ የሚችለው ጉልበት ግን ጥቂት ነው። የሚገዛው ድምፅ መሆኑን አውቆ መግዛት ተገቢ ነው። ከኮንቨርተሩ በፊት ያለውን ክፍል መለወጥ ግን ሌላ ጉዳይ ነው። በዚህ ሞተር ላይ የመጀመሪያው ኮንቨርተር ከጭስ ሰብሳቢው ቱቦ ጋር አንድ ሆኖ የተሠራ በመሆኑ፣ ቱቦውን መቀየር ማለት ኮንቨርተሩንም ማንሳት ማለት ሊሆን ይችላል። የብክለት መቆጣጠሪያን ማስወገድ በአሜሪካ የንጹሕ አየር ሕግ የተከለከለ ነው፤ «ለሜዳ ብቻ» የሚል ጽሑፍ ያለበት ዕቃ ሰሌዳ ለጥፎ በመንገድ ላይ ለሚሄድ መኪና ፈቃድ አይሆንም።

የጎረቤትን ነገርም አልዘልም። ብዙዎቻችን የምንኖረው በአፓርታማና በተያያዙ ቤቶች ውስጥ ነው፤ ከሌሊት ሥራ ሲመለሱ ወይም ማለዳ ሲወጡ የሚሰማው ድምፅ የሕፃናትንና የሠራተኞችን እንቅልፍ ይነካል። በቨርጂኒያ ደግሞ ከልክ ያለፈ የማርሚታ ድምፅ ከሐምሌ 2022 ጀምሮ ፖሊስ ለዚያ ብቻ ብሎ መኪና ሊያስቆም የሚችልበት ምክንያት ሆኗል።

ኮምፒውተሩን ማስተካከል ወይም ተርቦ መጨመርስ?

እስከ ዋስትናው ማብቂያ ድረስ ባይታሰብ ይመረጣል። የዚህ ሞተር የማመቅ ምጣኔ፣ ማለትም በሲሊንደሩ ውስጥ አየርና ነዳጁ የሚታመቅበት ልክ፣ 12.5 ለ1 ነው፤ ይህ ለተፈጥሮ አየር የተመጠነ ከፍተኛ ቁጥር በመሆኑ፣ በላዩ ላይ አየርን በግፊት ወደ ሞተሩ የሚያስገባ ተርቦ ወይም ሱፐርቻርጀር ሲጨመር ነዳጁ ያለጊዜው የመፈንዳት አደጋው ይጨምራል። ሥራው በሚገባ ሊሠራ ይችላል፣ የሠሩትም አሉ፤ ነገር ግን የነዳጅ አቅርቦቱን፣ የማቀዝቀዣውን፣ የፍሪሲዮኑንና የፍሬኑን ጉዳይ አብሮ ያስነሳል። ተርቦው ከተገጠመ በኋላ የሚመጣው የወጪ ሰንሰለት ብዙ ሰዎችን መኪናቸውን ጋራዥ ውስጥ አቁመው እንዲኖሩ አድርጓል።

ጉልበቱ የሚውልበትንም ቦታ ማሰብ ያስፈልጋል። በቨርጂኒያ ከ85 ማይል በሰዓት በላይ መንዳት ወይም ከተፈቀደው ፍጥነት በ20 ማይል ማለፍ የትራፊክ ቅጣት ብቻ ሳይሆን በግዴለሽነት መንዳት የሚባል የወንጀል ክስ ነው፤ እስከ 12 ወር እስራትና እስከ 2,500 ዶላር መቀጮ ሊያስከትል ይችላል። የመኖሪያ ፈቃዱ ወይም የዜግነት ማመልከቻው በሂደት ላይ ላለ ሰው የወንጀል መዝገብ ምን ማለት እንደሆነ ማስረዳት አያስፈልግም። በፋብሪካው ጉልበት እንኳ ይህን ወሰን ማለፍ የሰከንዶች ጉዳይ ነው።

አንድ ነገር ከቀየርኩ ዋስትናዬ ሙሉ በሙሉ ይሰረዛል?

አይሰረዝም፤ «ምንም አይነካውም» የሚለውም ግን እውነት አይደለም። ቶዮታ በአሜሪካ ለአዲስ መኪና የሚሰጠው መሠረታዊ ዋስትና 3 ዓመት ወይም 36,000 ማይል፣ የሞተርና የካምቢዮው ደግሞ 5 ዓመት ወይም 60,000 ማይል ነው። በ1975 የወጣው ማግነስን-ሞስ የተባለው የፌዴራል የዋስትና ሕግ፣ አምራቹ ከሌላ ድርጅት የተገዛ ዕቃ ተገጥሟል በሚል ብቻ ዋስትናውን እንዳይከለክል ያግዳል። ጥገናውን የሚከለክል አምራች የተገጠመው ዕቃ ለጉዳቱ ምክንያት መሆኑን ማሳየት አለበት። ለምሳሌ ቸርኬ የቀየረ ሰው ሬዲዮው ቢበላሽበት በቸርኬው ምክንያት ሊከለከል አይገባም።

ችግሩ የሚመጣው ለውጡና ብልሽቱ ሲገናኙ ነው። የሞተሩን ኮምፒውተር ያስተካከለ ሰው ሞተሩ ቢበላሽበት፣ አከፋፋዩ ለውጡን ከብልሽቱ ጋር ማያያዝ አይከብደውም። ኮምፒውተሩን ወደ ፋብሪካው ፕሮግራም መልሶ መውሰድም ዱካውን ሁልጊዜ አያጠፋም፤ ከዚያም በላይ እውነትን መደበቅ በመሆኑ የማልመክረው ነገር ነው። ሕጉ ከባለቤቱ ጎን ቢቆምም፣ መብትን ለማስከበር ደብዳቤ መጻፍ፣ ባለሙያ መቅጠርና ወራት መጠበቅ ሊያስፈልግ ይችላል፤ በዚያ ጊዜ ሁሉ መኪናው ቆሞ የወር ክፍያው ግን ይቀጥላል። ስለዚህ «ሕጉ ምን ይላል» ከሚለው ጥያቄ ጎን ለጎን «ክርክሩን የመሸከም አቅም አለኝ ወይ» ብሎ መጠየቅ ተገቢ ነው።

መሐለኛ መንገድም አለ። ቶዮታ ራሱ በአከፋፋዮቹ በኩል የሚያቀርባቸውና የጂአር ምልክት ያለባቸው ተጨማሪ ዕቃዎች በግዢው ጊዜ በአከፋፋዩ ከተገጠሙ በአዲሱ መኪና ዋስትና ሥር ይሸፈናሉ። ዋጋቸው ከውጭ ከሚገኘው ከፍ ሊል ይችላል፤ ልዩነቱ የአእምሮ ዕረፍት ዋጋ ነው። የዘይት ለውጥና የጥገና ደረሰኞችን ሁሉ ከነማይሉ ይያዙ፤ ለዋስትና ክርክር ከደረሰኝ የተሻለ ምስክር የለም።

ዓመታዊ ምርመራውን ሊያስወድቀኝ የሚችለው የትኛው ለውጥ ነው?

ቨርጂኒያ በየዓመቱ የደህንነት ምርመራ ታደርጋለች፤ በሰሜን ቨርጂኒያ ደግሞ አዲስ መኪና ከሚያገኘው የመጀመሪያ ዓመታት ነፃነት በኋላ በየሁለት ዓመቱ የጭስ ምርመራ አለ። ከመኪናው አካል ውጭ የወጣ ጎማ፣ የሚነካካ ሞላ፣ ቀለም የተቀባ መብራትና የተነሳ ኮንቨርተር ያስወድቃሉ። የመስታወት ጥቁረትን በተመለከተ በቨርጂኒያ የፊት በር መስታወት ቢያንስ 50 በመቶ፣ የኋለኛው 35 በመቶ ብርሃን ማሳለፍ ሲኖርበት፣ በሜሪላንድ የጎን መስታወት 35 በመቶ ነው፤ ስለዚህ ሜሪላንድ ውስጥ በሕግ የተሠራ ጥቁር መስታወት የቨርጂኒያ ሰሌዳ ላለው መኪና ሕገ ወጥ ሊሆን ይችላል። ዲሲም ሆነች ሁለቱ ስቴቶች የፊትም የኋላም ሰሌዳ ስለሚጠይቁ፣ ለመልክ ሲባል የፊቱን ሰሌዳ ማንሳት ቅጣት ያስከትላል።

ወደ ካሊፎርኒያ ለመዛወር የሚያስብ ሰው በተለይ ይጠንቀቅ። እዚያ ጭስን የሚነካ ዕቃ የስቴቱ የአየር ሀብት ቦርድ የሰጠው የፈቃድ ቁጥር ሊኖረው ይገባል፤ ከሐምሌ 2021 ጀምሮም ምርመራው የሞተሩ ኮምፒውተር ፕሮግራም መነካካቱን ያጣራል።

ለኢንሹራንሱ መናገር አለብኝ?

አዎን፣ በጽሑፍ። መደበኛ ውል በአብዛኛው የሚሸፍነው ፋብሪካው የሰጠውን ነው፤ ለተጨመረው ዕቃ የተለየ ሽፋን መግዛት ያስፈልጋል። ያልተነገረ ለውጥ ከአደጋ በኋላ የካሳ ክርክር ያስነሳል።

መኪናው በብድር ወይም በሊዝ ከሆነስ?

በሊዝ ከሆነ መኪናው የእርስዎ አይደለም፤ ሲመለስ እንደነበረ መሆን ስላለበት የማይመለስ ለውጥ አያድርጉ። በብድር ከሆነ መለወጥ ይቻላል፣ ነገር ግን ለውጡ የመኪናውን የገበያ ዋጋ ሲቀንስ ዕዳውን እንደማይቀንስ ያስቡ።

ዕቁብ ደርሶኝ ጥቂት ሺህ ዶላር አለኝ። በምን ቅደም ተከተል ላውለው?

መጀመሪያ በአነዳድ ሥልጠና ላይ። ቶዮታ በአሜሪካ አዲስ ጂአር 86 ለሚገዛ ሰው በናሽናል አውቶ ስፖርት አሶሲዬሽን የአንድ ዓመት አባልነትና አንድ ነፃ የሜዳ ሥልጠና ቀን ይሰጣል፤ ማኅበሩ በአሕጽሮት «ናሳ» ስለሚባልና ከሕዋ ምርምሩ ድርጅት ጋር ስለሚምታታ ብዙ ገዢዎች ስጦታውን ሳያስተውሉት ያልፋሉ። ከዲሲ አካባቢ ሳይርቅ በዌስት ቨርጂኒያ የሚገኘው ሰሚት ፖይንት፣ ወደ ደቡብ ደግሞ በዳንቪል አቅራቢያ ያለው ቨርጂኒያ ኢንተርናሽናል ሬስዌይ አሉ። ከጎን የተቀመጠ አስተማሪ በአንድ ቀን ውስጥ የሚያሳየው ነገር ከማንኛውም ተገጣጣሚ ዕቃ ይበልጣል፤ መኪናው ቀድሞውንም ምን ያህል እንደሚችል ያን ቀን ስለሚታወቅ፣ ሊገዙ ከታሰቡት ዕቃዎች ብዙዎቹ ከዝርዝሩ ይወጣሉ።

ቀጥሎ የፍሬን ዘይትና ሸራ፣ ከዚያ ጎማ፣ ከዚያ አላይመንት። የቀረውን ለቀጣዩ የጎማ ለውጥና ለዘይት ያስቀምጡት። የግል የመኪና ኢንሹራንስ በአብዛኛው በሜዳ ላይ የሚደርስ ጉዳትን ስለማይሸፍን፣ ለዕለቱ ብቻ የሚገዛ የሜዳ ኢንሹራንስ መኖሩንም ይጠይቁ።

በሜዳ ላይ ሞተሩ ይጎዳል የሚባለው ነገር ምን ያህል እውነት ነው?

መሠረት ያለው ሥጋት ነው። በሞቃት ቀን በሜዳ ላይ ያለማቋረጥ ሲነዳ የሞተሩ ዘይት ከ120 ዲግሪ ሴልሺየስ በላይ ሊወጣ ይችላል፤ ባለቤቶች በረጅም የቀኝ ኩርባዎች ላይ የዘይት ግፊት መውረዱን በመለኪያ አሳይተዋል። በፋብሪካ ለመገጣጠሚያ የተቀባው ማሸጊያ ቁራጮች በዘይት መሳቢያው ወንፊት ላይ መገኘታቸውም ብዙ ክርክር አስነስቷል። በዓመት አንድና ሁለት ቀን ለሚሄድ ጀማሪ ዘይቱን ልኩ ላይ ሞልቶ መሄድ፣ የሙቀቱን መለኪያ መከታተልና ሲሞቅ ቀስ ብሎ ማቀዝቀዝ በአብዛኛው ይበቃል። በየወሩ የሚሄድ ሰው የዘይት ማቀዝቀዣ ቢጨምር ተገቢ ነው፤ ይህ መኪናውን ከመለወጥ ይልቅ መጠበቅ የሚባል ለውጥ ነው።

ሥራውን ለማን ልስጥ?

ይህን ሞተር ደጋግሞ ለሠራ ጋራዥ። ጥሩ መካኒክ መሆን ብቻውን አይበቃም፤ ሞተሩ ተኝቶ የሚሠራ ባለአራት ሲሊንደር በመሆኑ አሠራሩ የተለየ ነው። ወዳጅነት ወይም የአገር ልጅነት ደረሰኝ እንዳይጠይቁ ሊያደርግዎ አይገባም፤ በአክብሮት ይጠይቁ፣ የተገጠመው ዕቃና ማይሉ ይጻፍ። ቸርኬ ከተፈታ በኋላ ቡሎኖቹ በቶርክ መፍቻ መጥበቃቸውን፣ ከ50 እስከ 100 ማይል ከተነዳ በኋላም እንደገና መጠበቃቸውን ያረጋግጡ።

ስሸጠው ያወጣሁትን አገኛለሁ?

አያገኙም። ያልተነካ የስፖርት መኪና የሚፈልግ ገዢ ብዙ ነው፤ የሌላ ሰው ለውጥ የሚፈልግ ጥቂት ነው። ስለዚህ የሚፈታውን እያንዳንዱን የፋብሪካ ዕቃ ስሙን ጽፈው፣ ቡሎኑን በከረጢት አድርገው ያስቀምጡት። ማስቀመጫ ቦታ ከሌለዎት ዕቃውን አይፍቱት። ሲሸጡ መኪናውን ወደ ነበረበት ይመልሱና ተጨማሪዎቹን ለብቻ ይሽጡ፤ የተለወጠውንም ነገር ለገዢው ይንገሩ።

ወደፊት ወደ ኢትዮጵያ ልልከው ብፈልግስ?

ኢትዮጵያ ከ2024 መጀመሪያ ጀምሮ በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች ወደ አገር እንዳይገቡ ስለከለከለች፣ በዚህ ሐሳብ ላይ ተመሥርተው ለውጥ አያድርጉ። ለአገር ቤት መንገድ ብለው መኪናውን ከፍ ለማድረግ ወይም ጠንካራ አሞርዛተር ለመግዛት ያሰቡ ካሉ፣ ገንዘቡን ለክረምት ጎማው ያውሉት።